የፀጉር ቫይታሚኑና የደም ምርመራው፦ የሦስት ወረቀቶች ሂስ

ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ወረቀቶች ተዘርግተዋል። አንዱ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ የተላጠ ሌብል ነው፤ ሁለተኛው የላቦራቶሪ ምርመራ ማዘዣ፤ ሦስተኛው የዚያው ምርመራ ውጤት። ሦስቱም የአንድ ሰው ናቸው፣ የአክስቴ ልጅ። «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠራ» ብላ ነው የሰጠችኝ።

የመጽሐፍ ሂስ አለ፣ የፊልም ሂስ አለ። እኔ ዛሬ የእነዚህን ወረቀቶች ሂስ ልጽፍ ነው። እያንዳንዳቸውን ለብቻ ብታነቡ ይህ ነው የሚባል ስህተት አታገኙባቸውም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዲት የ24 ዓመት ልጅ ለሌለባት የታይሮይድ በሽታ መድኃኒት ልትጀምር ጥቂት ቀርቷት ነበር። አስቀድሜ ልናገር፦ ሐኪም አይደለሁም። ኢንጂነር ነኝ፤ የድኅረ ምረቃ ሥራዬም ሴንሰር ላይ ነው። ሴንሰር ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ መፈለግ ማለት ነው። ስለዚህ የምተቸው ሕክምናውን ሳይሆን ልኬቱን ነው።

ታሪኩ ከትኩሳት ይጀምራል። የድሬ ሰው ደግሞ ትኩሳትን ያውቀዋል። በአገራችን የዴንጊ ወረርሽኝ መጀመሪያ የተመዘገበው እዚሁ ከተማችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር፤ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ቤት ለቤት ዞሮ ስንቱን አልጋ ላይ እንዳዋለ የማያስታውስ የለም። የአክስቴን ልጅ የያዛት ዴንጊ ነበር። ዳነች። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ግን ፀጉሯ ማበጠሪያዋ ላይ በጭብጥ መውጣት ጀመረ። ነገሩ የሚጠበቅ ነው፤ ከባድ ትኩሳት ብዙ የፀጉር ሥሮችን በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይልካቸዋል፤ ያረፈው ፀጉር ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ይረግፋል፣ ሥሩ ግን አልሞተምና እንደገና ያበቅላል። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። የነገራት ቲክቶክ ነው፤ እሱም «ባዮቲን ውሰጂ» አላት።

ጠርሙሱ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ መጣ። ቶሎ እንዲሠራላት ብላ በቀን ሁለት ሁለት እንክብል መዋጥ ጀመረች። ፀጉሩ አሁንም ይረግፋል። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ሐኪሙም ማድረግ የሚገባውን አደረገ። የፀጉር መርገፍ ከታይሮይድ ዕጢ መዛባት ሊመጣ ስለሚችል የታይሮይድ ምርመራ አዘዘላት፣ ስኳርም ይታይ ብሎ ጨመረበት። «ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበዪ ነይ» ተባለች። ቁርስ አልበላችም። ሁለቱን እንክብሎች ግን በውሃ ዋጠቻቸው። ክኒን ምግብ አይደለማ!

የታይሮይዱ ናሙና ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ተሠራ፣ ውጤቱም ተመልሶ መጣ። ቲ.ኤስ.ኤች እጅግ ዝቅ ያለ፣ ፍሪ ቲ-4 ደግሞ ከልክ በላይ ከፍ ያለ። ስለነዚህ ሁለት ስሞች አጭር ነገር ልበል። ቲ-4 የታይሮይድ ዕጢ የሚያመርተው ሆርሞን ነው። ቲ.ኤስ.ኤች ደግሞ ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ የሚላክ ትእዛዝ ነው፣ «አምርት» የሚል። ምርቱ ሲበዛ ትእዛዙ ይቀንሳል፤ ሲያንስ ትእዛዙ ይጨምራል። ልክ የውሃ ታንከራችን ሲሞላ ተንሳፋፊዋ ኳስ ተነሥታ ቧንቧውን እንደምትዘጋው። ስለዚህ ምርት ከፍ፣ ትእዛዝ ዝቅ ሲል ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ዕጢው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ከልክ በላይ እየሠራ ነው። ሐኪሙም ያነበበው ይህንኑ ነው። መድኃኒት ተጻፈላት።

ነገሩን ያቆመው ፋርማሲስት ነው። ከዚራ አካባቢ መድኃኒቱን ልትገዛ ስትገባ «ከዚህ ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» አላት። «የለም።» ትንሽ ቆየችና «ቫይታሚን ብቻ» አለች። «ምን ቫይታሚን?» የጠርሙሱን ፎቶ ከስልኳ አሳየችው። አየውና «አቦ፣ መጀመሪያ ይህን ለሐኪምሽ አሳዪው፤ መድኃኒቱ የትም አይሄድብሽም» ብሎ መለሳት። ሐኪሙ እንክብሉን አስቆማት፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደገና ተመረመረች፤ ሁለቱም ቁጥሮች በደንቡ ልክ ሆኑ።

አንድ ሰው ላይ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ማስረጃ አይባልም፣ አውቃለሁ። ግን አስቡት፦ ዕጢው በእውነት ከልክ በላይ ሲሠራ ቆይቶ ቢሆን፣ ታፍኖ የቆየ ቲ.ኤስ.ኤች ለመነሣት ሳምንታት ይፈልጋል። በሰባት ቀን የሚነሣ ከሆነ መጀመሪያውኑ አልወደቀም ነበር ማለት ነው። የወደቀው ንባቡ ነው።

እንግዲህ ወረቀቶቹን እናንብብ።

ሌብሉ ላይ በትልቁ የተጻፈው ፀጉር፣ ቆዳና ጥፍር የሚል ነው። በትንሹ የተጻፈው ይበልጣል፦ በአንድ እንክብል 10,000 ማይክሮግራም ባዮቲን፣ ከቀኑ ፍላጎት 33,333 በመቶ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳየው የኅትመት ስህተት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን በቂ ነው የሚባለው 30 ማይክሮግራም ነው፤ አካፍሉት። የአክስቴ ልጅ ሁለት ስለምትውጥ በቀን ከ600 ቀን በላይ የሚበቃ ባዮቲን ትወስድ ነበር። ሒሳቡ እዚያው ሌብሉ ላይ አለ፣ ማንም አልደበቀውም። ግን 33,333 በመቶ የሚል ቁጥር ለገዢ ማስጠንቀቂያ አይመስልም፤ «ምን ያህል ጠንካራ ነው!» ነው የሚያሰኘው።

ለሌብሉ ፍትሐዊ እንሁን። ባዮቲን በውሃ የሚሟሟ ቫይታሚን ስለሆነ የተረፈው በሽንት ይወጣል፤ በዚህ መጠን ሰውነትን ይመርዛል የሚል ማስረጃም ስላልተገኘ ከፍተኛ ገደብ እንኳ አልተቀመጠለትም። አምራቹ «ጉዳት የለውም» ቢል በዚህ ትርጉም አልዋሸም። የባዮቲን እጥረት የሌለበት ሰው ቢወስደው ፀጉሩ ይበቅላል ለሚለው ግን ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፤ እጥረቱ ራሱም ብዙ አይታይም። እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ጉበት የሚበላ ሰው ያገኘዋል።

ከሌብሉ ውስጥ በጣም የገረመኝ ከታች ያለችው ዓረፍተ ነገር ናት። በአሜሪካ በ1994 የወጣው የሰፕሊመንት ሕግ ስለ ጥቅማቸው አንዳንድ ነገር የሚናገሩ ሌብሎች አንድ ማስታወሻ እንዲይዙ ያስገድዳል። አባባሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ያልገመገመው መሆኑን፣ ምርቱም በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳንም ሆነ ለመከላከል የታሰበ አለመሆኑን መግለጽ አለባቸው። ለመመርመር የታሰበ አይደለም! ልክ ነው፣ አልታሰበም። ሳይታሰብ ግን ምርመራው ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ መካከል «የደም ምርመራ ካለብዎት ይህን አቁመው ይሂዱ» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። እኔ የያዝኩት ጠርሙስ ላይ የለችም። እኛም አገር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም አለ፤ ከዘመድ ካልሲ ጋር ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚገባ ጠርሙስ ግን በማን ጠረጴዛ ላይ ያልፋል?

ሁለተኛውን ወረቀት ትቼ መጀመሪያ ወደ ውጤቱ ልሂድ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው።

ውጤቱ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፣ ከጎናቸው የጤናማ ሰው መጠን ተጽፏል። ቁጥሮቹ በጣም እርግጠኛ ይመስላሉ፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ አላቸው። ግን ማሽኑ ሆርሞን አላየም። ማሽኑ ያየው ብርሃን ነው።

እንዴት? አራት መቀመጫ ያላት ባጃጅ አስቡ። ስትሬፕታቪዲን የሚባል ከባክቴሪያ የሚገኝ ፕሮቲን አለ፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል አራት መቀመጫ አለው፣ የሚያሳፍረውም ባዮቲንን ነው። ባዮቲን አንዴ ከተቀመጠ በቀላሉ አይወርድም፤ በሕይወት ኬሚስትሪ ከሚታወቁት እጅግ ጠንካራ መያያዦች አንዱ ይህ ነው። (የስትሬፕታቪዲን ዘመድ የሆነ አቪዲን የሚባል ፕሮቲን በጥሬ እንቁላል ነጩ ውስጥ አለ። ጂም ቤት ጥሬ እንቁላል የምትጠጡ ልጆች፣ ባዮቲናችሁን እያሰራችሁበት ነው። ቀቅሉት፣ ይለቃል።) መሐንዲሶቹ ይህን ጥንካሬ ወደዱትና ለብዙ የደም ምርመራዎች መልሕቅ አደረጉት። መውደዳቸው አይገርምም፣ እኔም ብሆን አደርገው ነበር።

ቲ.ኤስ.ኤች ሲለካ ሁለት ፀረ እንግዳ አካላት ከደሙ ጋር ይቀላቀላሉ። አንደኛው ባዮቲን ተለጥፎበታል፤ ሁለተኛው ፋኖስ ይዟል። ሁለቱም ቲ.ኤስ.ኤችን ከግራና ከቀኝ ይይዙታል። ባዮቲን ያለው ባጃጇ ላይ ሲቀመጥ ሆርሞኑንም ፋኖሱንም ይዞ ይሳፈራል። ከዚያ ያልተሳፈረው ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል፣ የቀረው ብርሃን ይለካል። ብዙ ብርሃን፣ ብዙ ሆርሞን። አሁን ደሙ ውስጥ ከእንክብሉ የመጣ ባዮቲን ሞልቶ ከሆነ መቀመጫውን ቀድሞ ይይዘዋል። ቲ.ኤስ.ኤች ከነፋኖሱ ቆሞ ይቀራል፣ ታጥቦ ይሄዳል። ማሽኑ ጨለማ ያያል። «ቲ.ኤስ.ኤች የለም ማለት ይቻላል» ብሎ ይጽፋል።

ቲ-4 ግን ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ሁለት ፀረ እንግዳ አካላት በአንድ ጊዜ ሊይዙት አይችሉም። ስለዚህ ሥራው ተገልብጦ በፉክክር ይሠራል። ፋኖስ የያዘው ፀረ እንግዳ አካል መጀመሪያ የታማሚውን ቲ-4 ይይዛል፤ ባዶ እጅ የተረፈው ደግሞ ከላቦራቶሪው የመጣውን፣ ባዮቲን የተለጠፈበትን ቲ-4 ይይዝና ባጃጇ ላይ ይሳፈራል። እዚህ ላይ ብርሃን ሲበዛ የታማሚው ሆርሞን ጥቂት ነው፤ ብርሃኑ ሲደበዝዝ ብዙ ነው። የእንክብሉ ባዮቲን መቀመጫውን ሲይዝ አሁንም ብርሃኑ ይደበዝዛል። ማሽኑም «ቲ-4 በጣም ብዙ ነው» ይላል።

አያችሁ? የስህተቱ ምንጭ አንድ ነው፦ የተያዘ መቀመጫ። በአንደኛው ምርመራ ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ በሌላኛው ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚሠሩት ሥዕል ደግሞ ዝብርቅርቅ ያለ አይደለም። ሐኪም በትምህርት ቤት የተማረው የታይሮይድ መብዛት ሥዕል ነው፣ ጥርት ያለ።

በኔ ሙያ ይህን የምንፈራው ነገር ነው። አንድ ሴንሰር ሲበላሽ እንዲያጋልጠው ሁለተኛ እንገጥማለን። ሁለቱ አንድ የኤሌክትሪክ ገመድ ከተጋሩና ገመዱ ከተበላሸ ግን ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ፣ ተስማምተው። እንደ ሁለት ምስክሮች ነው፤ ችሎት ቀርበው አንድ ቃል ይናገራሉ፣ ዳኛውም ያምናል፤ ለካ ሁለቱም የሰሙት ከአንድ ሰው ነበር። የውጤት ወረቀቱ ላይ ያለኝ ትችት ይህ ነው፦ ሁለት ቁጥሮችን እንደ ሁለት ምስክሮች አቅርቦ በአንድ መልሕቅ የታሰሩ መሆናቸውን አይናገርም። የተሠሩበትን ዘዴ እንኳ አልጻፈም። በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ኪት? ምንም። ያ መረጃ ቢኖር የነቃ ሐኪም በሌላ ዘዴ ይደገምልኝ ማለት ይችል ነበር፤ ምክንያቱም ይህን መልሕቅ ጨርሶ የማይጠቀሙ ማሽኖች አሉ።

ሦስተኛ ምስክር ቢጠራስ? የታይሮይድ መብዛት ዋና መንስኤ የሆነውን ግሬቭስ የተባለውን በሽታ ለማረጋገጥ የሚሠራው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራም በዚሁ መልሕቅ የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ እሱም በውሸት ከፍ ሊል ይችላል። ይህ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም። በ2016 የጀርመን ሐኪሞች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ያወጡት ዘገባ ስለ ስድስት ሕፃናት ነው። ሕፃናቱ በዘር ለሚመጣ የሜታቦሊዝም ችግር ከፍተኛ ባዮቲን ታዞላቸው ነበር፤ የደም ውጤታቸው ግሬቭስ ያለባቸው አስመሰላቸው። ባዮቲኑ ሲቋረጥ ውጤቱ ተስተካከለ።

«እነዚያ ሕሙማን ናቸው፣ መጠኑም ትልቅ ነው» የሚል ካለ፣ በቀጣዩ ዓመት በጃማ የወጣውን ጥናት ይመልከት። ስድስት ጤነኛ ሰዎች በቀን 10 ሚሊግራም፣ ማለትም የአክስቴ ልጅ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን አንድ እንክብል ያህል፣ ለሰባት ቀን ወሰዱ። በባዮቲን መልሕቅ ከሚሠሩት 23 ምርመራዎች 9ኙ ተዛቡ። መልሕቁን ከማይጠቀሙት 14ቱ አንድም አልተዛባም። ከ23 ውስጥ 14ቱ አለመዛባታቸውንም ልብ በሉ፤ «ባዮቲን የወሰደ ሁሉ ውጤቱ ውሸት ነው» ብላችሁ እንዳትወጡ። እንደ ኪቱ፣ እንደ መጠኑ፣ እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ብዙ ኪቶችን ባዮቲን እንዲችሉ አድርገው አሻሽለዋል፤ የቆየው ግን በአንድ ቀን ከየመደርደሪያው አይጠፋም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ታይሮይድ ነው፤ እዚያ ስህተቱ ቢያንስ ለመታረም ጊዜ ይሰጣል። ትሮፖኒን ግን አይሰጥም። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ይለካለታል። ዘዴው እንደ ቲ.ኤስ.ኤች ባለ ሁለት ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ መልሕቁ ባዮቲን ከሆነ የሚሳሳተው ወደ ታች ነው። «ልብህ ደህና ነው፣ ሂድ» ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኖቬምበር 28 ቀን 2017 ያወጣው ማስጠንቀቂያ ከፍተኛ ባዮቲን ይወስድ የነበረ አንድ ታማሚ ትሮፖኒኑ በውሸት ዝቅ ብሎ ተነቦ መሞቱን ሪፖርት እንደደረሰው ይናገራል። በ2019 ማስጠንቀቂያውን አድሷል።

ወደ ሁለተኛው ወረቀት ልመለስ፣ ወደ ማዘዣው። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የካርድ ቁጥር፤ ከዚያ ምልክት የሚደረግባቸው ሣጥኖች ረድፍ በረድፍ። ከታች «የታማሚው ሁኔታ» የምትል አንዲት መስመር አለች፣ ባዶ። ከእሷ በታች ፊርማ። «የሚወስዱት መድኃኒት፣ ቫይታሚን ወይም ሰፕሊመንት» የሚል ቦታ የለም። የምርመራ ስህተት ሲባል ሁላችንም የምናስበው ማሽኑን ነው፤ አብዛኛው የላቦራቶሪ ስህተት ግን ናሙናው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት እንደሚፈጠር በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። አይ.ኤስ.ኦ 15189 የሚባለው የሕክምና ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ ደረጃም የታማሚውን ዝግጅት የላቦራቶሪው ሥራ አካል አድርጎ ነው የሚያየው። እኛ ጋ ዝግጅት ማለት «ቁርስ እንዳትበላ» ነው። የአክስቴ ልጅ መመሪያውን በታማኝነት ፈጸመች። ለዚያውም እንክብሉን የዋጠችው ከመቀዳቷ በፊት ነው፤ የተዋጠ ባዮቲን ደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው በአንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ከቀኑ ሁሉ የከፋውን ሰዓት መርጠንላታል።

እዚህ ላይ አራተኛ ወረቀት መኖሩን ልንገራችሁ። እኔ የለኝም፣ የአክስቴ ልጅም አላየችውም። በኪቱ ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚመጣው መመሪያ ነው። በዚህ መልሕቅ የሚሠሩ የብዙ ኪቶች መመሪያ በቀን ከ5 ሚሊግራም በላይ ባዮቲን የሚወስድ ሰው የመጨረሻውን ከዋጠ ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይሞላው ናሙና እንዳይወሰድ ያዝዛል። ስለዚህ ዕውቀቱ ጠፍቶ አይደለም! አዲስ አበባ፣ ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ተቀምጧል። ድሬ ላይ መርፌውን ለያዘው ባለሙያ የነገረው የለም። ደሙ 400 ምናምን ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ጥያቄው አብሮት አልተጓዘም።

ኤፍ.ዲ.ኤም ሆነ እንደኔ ያሉ የሳይንስ ጸሐፊዎች የምንሰጠው ምክር «ሐኪምዎን ያማክሩ» የሚል ነው። ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶ፣ ሐኪሙ በአንድ ጠዋት ስንት ሰው እንደሚያይ እያወቅን እንዲህ ማለት ኃላፊነትን ማሻገር ይመስለኛል። ሰው ደግሞ «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲባል ቫይታሚን አይቆጥርም። የአክስቴ ልጅ «የለም» ስትል አልዋሸችም። ጥያቄው መጠየቅ ያለበት በስሙ ነው፦ ቫይታሚን፣ የፀጉር ክኒን፣ የጂም ዱቄት፣ ከውጭ የመጣ እንክብል።

የጂም ዱቄት ካልኩ አይቀር። ክሪያቲን የሚወስዱ ልጆች ሳቢያን አካባቢም በዝተዋል። ክሪያቲን ሰውነት ውስጥ ወደ ክሪያቲኒን ይቀየራል፤ ክሪያቲኒን ደግሞ የኩላሊትን ጤና የምንገምትበት ቁጥር ነው። ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ይህ ከባዮቲኑ በዓይነቱ ይለያል፤ እዚህ ማሽኑ በትክክል ለክቷል፣ የሚሳሳተው ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ግምት ነው። ቫይታሚን ሲ በብዛት ሲወሰድ ደግሞ በቀለም ለውጥ የሚነበቡ ምርመራዎችን ይነካል፤ ቀለሙን የሚያመጣውን ኬሚካል ቀድሞ ይበላዋል። በሽንት ስትሪፕ ላይ ስኳር ወይም ደም እያለ «የለም» ሊያሰኝ ይችላል። የአይረን ክኒን በጠዋት ተውጦ የደም አይረን ቢለካ ለጥቂት ሰዓት የክኒኑን አይረን ነው የምታነቡት። ፎሊክ አሲድ ደግሞ ከሁሉም ረቂቅ ነው፦ የቢ-12 እጥረት ያመጣውን የደም ማነስ ያስተካክልና የደም ቆጠራው ያማረ ይሆናል፣ ነርቭ ላይ ያለው ጉዳት ግን ከሥር ይቀጥላል። ነፍሰ ጡር እናቶች በጤና ጣቢያ የሚሰጣቸውን አይረንና ፎሊክ አሲድ ግን ይህን አንብበው እንዳያቆሙ! እሱ ሕይወት ያድናል፤ መናገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ለባዮቲን የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር ምክር ከታይሮይድ ምርመራ በፊት ቢያንስ ለሁለት ቀን ማቆም ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በሐኪም ታዞ የሚወስድ ሰው ደግሞ በራሱ ማቆም የለበትም። ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ሁለት ቀን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ እሱ ወይም አብሮት ያለ ሰው የጠርሙሱን ፎቶ ያሳይ።

የአክስቴ ልጅ ጠርሙሱን አልጣለችውም፣ ውድ ነዋ። ፀጉሯ ጎን ጎኑን አጭር አጭር ሆኖ እየበቀለ ነው፤ እሷ «ቫይታሚኑ ነው» ትላለች፣ እኔ ጊዜው ነው እላለሁ፤ አልተስማማንም። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ምርመራው ወደታዘዘበት ቦታ ሄጄ ማዘዣው ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ጠየቅሁ፤ መስመሯንም ጽፌ ይዤ ነበር። መዝገብ ክፍል ያለችው ልጅ በትሕትና ሰማችኝ። ከዚያ ከጠረጴዛዋ ሥር ያለውን ካርቶን በእግሯ ገፋ አድርጋ አሳየችኝ፤ እስከ አፉ በማዘዣ የተሞላ ነው። «ይሄ ታትሞ አልቋል፤ ሲያልቅ እናየዋለን» አለችኝ።